ክርክር፦ ልጅ ይዞ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው የት ይከራይ? ዳር ኮንዶሚኒየም ወይስ የጣፎ ግቢ?

አስጀማሪ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሊዛወር ነው። አባት ሥራቸው ቃሊቲ፣ እናት መገናኛ። ልጆቹ አንዱ 3ኛ፣ አንዷ 7ኛ ክፍል ይገባሉ። አያትም አብረው ናቸው (ሰፈሩን ሳይሆን እማማን ማለቴ ነው)። መሃል ከተማ በአቅማቸው የሚገኝ አይደለም። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት የተነሳውም ሰው ወደ ዳር ስለወጣ ዳሩም ድሮ የምናውቀው ዳር አይደለም። የተገኙት ቤቶች ሦስት ናቸው፦ የካ አባዶ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ቱሉ ዲምቱ ተመሳሳይ ቤት አንደኛ ፎቅ፣ ለገጣፎ ባለ ሦስት ክፍል ግቢ ቤት። በኪራይ የሚረክሰው የጣፎው ነው። የኮንዶሚኒየምም የግቢም ወገን ተከራከሩ፤ «እንደየሰዉ ነው» ብሎ ማለፍ ክልክል ነው።

የጣፎ ደላላ፦ ይሄ ደግሞ ምኑ ያከራክራል? ግቢ ነዋ! ሦስት ክፍል፣ ለሮቶ የሚሆን ቦታ፣ ልብስ ማስጫ፣ ያውም ኮንዶሚኒየም ከሚከራይበት ባነሰ ዋጋ። እማማ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ በርበሬ ያሰጣሉ፣ ልጅ ኳስ ይመታል። ትልቅ ሰው አራተኛ ፎቅ አውጥቶ ማስቀመጥ ከቤት አይውጡ ማለት ነው፤ 20/80 ሕንፃ ላይ ሊፍት የለም። ደግሞ በዓል ሲመጣ በጉን የት ሊያርዱ ነው?

ተራ አስከባሪ፦ በጉ የሚታረደው በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው፣ ለዚያ ኮሙናሉ (የብሎኩ የጋራ መጠቀሚያ ቤት) አለ። ታክሲ ግን በየቀኑ ነው። ኪራይ ከማወዳደራችሁ በፊት «ስንት ታክሲ ነው?» በሉ። ከጣፎ ቃሊቲ አባት ሦስት ታክሲ ይይዛሉ፦ ጣፎ–መገናኛ፣ መገናኛ–ሳሪስ፣ ሳሪስ–ቃሊቲ። የእናት አንድ ነው። ጠዋት ግን የጣፎ–መገናኛው አያት ላይ ስለሚቆረጥ ለሁለቱም አንድ አንድ ጨምሩ። ጠዋት ስድስት፣ ማታ አራት፣ ደርሶ መልስ አሥር፤ በወር 22 የሥራ ቀን 220 ጊዜ ሂሳብ መክፈል ነው። ከቱሉ ዲምቱ አባት አንድ ታክሲ፣ እናት በጎሮ በኩል ሁለት፤ ደርሶ መልስ ስድስት፣ በወር 132። ልዩነቱ 88 ሂሳብ ነው። የአንዱን ታሪፍ በ88 አባዙትና በጣፎው ኪራይ ላይ ደምሩት። ርካሽነቱ ያኔ ይታያል።

አያት የሚቆረጠው ለምንድን ነው የሚል ካለ፦ ጠዋት ሰዉ ሁሉ ወደ መሃል ነው፣ ሾፌሩ ሲመለስ ባዶውን ነው። ረጅሙን መንገድ አንዴ ከመጫን ግማሹን ሁለቴ መጫን ያዋጣዋል። የተራ አስከባሪ ጩኸት ይሄን አያስቆመውም፣ እመኑኝ።

የጣፎ ደላላ፦ ባቡሩን ረሳኸው። አያት ላይ ተሳፍሮ ስታዲየም ወርዶ የቃሊቲውን መያዝ ነው። ሁለት ትኬት፣ አለቀ።

ተራ አስከባሪ፦ በካርታ ልክ ነህ። የምሥራቁ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ የደቡቡ እስከ ቃሊቲ ነው፣ ስታዲየም ላይ ይገናኛሉ። ግን ባቡሩ ቶሎ ቶሎ አይመጣም፣ ሲመጣም አፉ ድረስ ሞልቶ ነው፣ ከጣፎ አያት ድረስስ በምን ሊመጡ ነው? ለማንኛውም ሰው የምለው ይሄን ነው፦ ሰኞ ጠዋት 12:30 ሰፈሩ ፌርማታ ላይ ቁሙ። ፊታችሁ 60 ሰው ካለና 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ በየ10 ደቂቃው አንድ ከመጣ፣ ተራችሁ የሚደርሰው ከ50 ደቂቃ በኋላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አይቶ ውል የሚፈርም ሰው ግን ይሄን ሰልፍ አያየውም።

መምህርት፦ ሁላችሁም ስለ አባትና እናት ታወራላችሁ። እኔ ከ3ኛ ክፍሉ ልጅ ልጀምር። ለገጣፎ በሸገር ከተማ ሥር ነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ በኦሮሚያ ሥርዓተ ትምህርት ነው የሚሄደው፤ እስከ 8ኛ ክፍል ማስተማሪያው በዋናነት አፋን ኦሮሞ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ የሚማር ልጅ እስከ 6ኛ በአማርኛ ይሄዳል፣ ከ7ኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል። ስለዚህ ከደሴ የመጣው የ3ኛ ክፍል ልጅ ጣፎ ከተከራዩለት፣ በአማርኛ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት እዚያው ካልተገኘ፣ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፦ የግል ትምህርት ቤት፣ ወይም በየቀኑ ወሰን ተሻግሮ አያት ወይም አባዶ መማር። የመጀመሪያው ከኪራይ የተረፈውን ብር ይበላል፣ ሁለተኛው የ9 ዓመት ልጅ በታክሲ ሰልፍ ነው። አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምገባ መኖሩንም ሂሳብ ውስጥ አስገቡት፤ የሁለት ልጅ ምሳ ቀላል አይደለም።

ለ7ኛ ክፍሏ ደግሞ የሚያስቸግረው የቋንቋው ሽግግር ነው። ክረምቱን የሳይንስና የሒሳብ ቃላትን በእንግሊዝኛ ያስጀምሯት። መስከረም ላይ የሚጥላቸው ትምህርቱ ሳይሆን የጥያቄው ቋንቋ ነው።

ከሰበታ፦ መምህርት፣ ያሉት ለዚህ ቤተሰብ ልክ ነው፣ ግን እንደ ጉድለት ብቻ አይነገር። አፋን ኦሮሞ በሚነገርበት ቤት ላደገ ልጅ ሸገር የተሻለ ነው፤ እዚህ ሰበታም ሆነ ቡራዩ ልጁ በቋንቋው ይማራል። ኬጂ ወይም 1ኛ ክፍል የሚገባ ልጅም ቢሆን ቋንቋ ከሰፈር ልጅ ጋር ተጫውቶ ይለምዳል። የሚከብደው ከፍ ብሎ ለሚመጣው ነው።

መምህርት፦ እስማማለሁ። በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባም ውስጥ አሉ፣ ግን ሁሉም ሰፈር የሉም፤ ቤት ሳይያዝ ይጠየቅ። አንድ ሌላ ነገር፦ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ከሆነ ልጁ 6 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። ማን ይቀበለዋል? እማማ። እማማ አራተኛ ፎቅ ከሆኑ ደግሞ ደላላው ያለው ልክ ነው።

የጣፎ ደላላ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ቧንቧ ሠራተኛ፦ እኔ ውሃውን ላውራ፤ ከኪራይም ከትምህርት ቤትም በላይ ሰው የሚያስለቅቀው እሱ ነው። አምስት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 60 ሊትር ቢያወጣ 300 ሊትር ነው። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ከሆነ 2,100 ሊትር ያስፈልጋል፤ 2,000 ሊትር ሮቶ ያለ ልብስ አጠባ አፍንጫ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ደላላ «ሮቶ አለው» ሲላችሁ ስንት ሰዓት ይሞላል ብላችሁ ጠይቁ። 20 ሊትር ጀሪካን ቧንቧው ሥር አድርጉና በስልክ ሰዓት ያዙ። በ2 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ነው፣ 2,000ውን ለመሙላት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል። ውሃው ሌሊት የሚመጣው ለሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ 1,200 ሊትር ላይ ይቆማል፤ ሮቶው 5,000 ቢሆንም ያው ነው።

ቀጥሎ ወደ ሮቶው በሚገባው መስመር ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃ እንዳይመለስ የሚዘጋ) መኖሩን እዩ። ከሌለና መግቢያው ከታች ከሆነ የመስመሩ ግፊት ሲወርድ የሞላችሁት ውሃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ማታ ሙሉ የነበረው ጠዋት ግማሽ ነው፣ «ማን ሰረቀን» ይባላል። ሁለተኛው በሽታ ፓምፕ በቀጥታ መስመሩ ላይ መግጠም ነው። ጎረቤት ያደርቃል፣ ቧንቧው የተቀደደበት ቦታ ካለ ደግሞ የቦዩን ውሃ ይስባል። ፈረቃ ባለበት ሰፈር ቆጣሪው ውሃው ሊመጣ ሲል በአየር እንደሚዞርም እወቁ፤ ቧንቧ ከፍቶ መተኛት ለአየር መክፈል ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሂሳቡ ሌላ ነው። አራተኛ ፎቅ ከመሬት 12 ሜትር ገደማ ነው፣ ውሃ 10 ሜትር ለመውጣት 1 ባር ግፊት ይፈልጋል። ቀን ሁሉም ሲከፍት ከግራውንድ አያልፍም፣ ላይ የሚደርሰው ሰው ሲተኛ 8 ሰዓት ሌሊት ነው። ሮቶ በረንዳ ላይ እናስቀምጥ የሚሉም አሉ፤ 1,000 ሊትር 1 ቶን ነው፣ በረንዳው ለዚያ አልተሠራም። ግራውንድ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ የፍሳሽ መስመሩ ሲደፈን የአራቱ ፎቅ ቆሻሻ የሚመለሰው በግራውንዱ ሽንት ቤት ነው። ስለዚህ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ። ብሎኩ የጋራ ሮቶና ፓምፕ ካለው ማኅበሩ የፓምፑን መብራት በወቅቱ ይከፍል እንደሆነ ከተከራዮች ጠይቁ፤ ከአከራይ አይጠየቅም።

ደረጃውን ስትወጡ ዓይናችሁን ክፈቱ። በየበሩ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ካያችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

ሳይት መሐንዲስ፦ ቱሉ ዲምቱን ሰማይ ከመስቀላችሁ በፊት መሬቱን እወቁ። ከጎሮ እስከ ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱና አቃቂ ያለው ሜዳ አብዛኛው ጥቁር አፈር፣ መረሬ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ኮንዶሚኒየሙ መሠረቱ ስለጠለቀ ይቋቋመዋል። በዚያ መሬት ላይ በድንጋይ መሠረት የተሠራ ግቢ ቤት ግን ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ያሳያል፤ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ተዉት። ሐምሌ ላይ አልዘጋ ያለ በር ጥር ላይ በደንብ ይዘጋል፣ ስለዚህ በበጋ አይታችሁ አትመኑ። የመጨረሻውን 300 ሜትርም ተራመዱት፤ ኮብልስቶን ከሌለው ክረምት ላይ ባጃጅ አይገባም፣ እማማ ቢታመሙ በምን ይወጣሉ? ከቱሉ ዲምቱ ቅርቡ ትልቅ ሆስፒታል አቃቂ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፣ ከአባዶና ከጣፎ ደግሞ የካ ኮተቤ።

የውል ጉዳይ፦ አጭር ልሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አዲስ አበባ ላይ እየተሠራበት ነው፦ ውል በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ክፍያ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ጭማሪም አከራዩ ባሻው ጊዜ አይደለም። «የስድስት ወር አምጡ» የሚል አከራይ ከሕጉ ውጭ ነው። ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ጻፉና ቀሪውን በእጅ ስጡኝ ካለም አትስማሙ፤ ክርክር ሲመጣ በእጅ የሰጣችሁት አልተሰጠም። ከወሰኑ ውጭ ስትወጡ አዋጁ በዚያ ከተማ እንዴት እየተፈጸመ እንደሆነ እዚያው አስተዳደር ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጣፎ ላይ የምጨምረው ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫው ነው። የቤቱ ካርታ በአከራዩ ስም ነው? «ሒደት ላይ ነው» ከተባለ ያለ ፈቃድ የተሠራ የጨረቃ ቤት ሊሆን ይችላል። በ2011 ለገጣፎ ላይ የፈረሱት ቤቶች ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ቤት ሲፈርስ ተከራይ ዕቃውን ይዞ ይወጣል እንጂ ምትክ የሚጠይቅበት የለውም። ወሰኑ በ2014 ክረምት ስለተካለለ «እዚህ አዲስ አበባ ነው» የሚለውን የደላላ ቃል አትውሰዱ፤ አከራዩ የቤት ግብር የሚከፍለው ለየትኛው ወረዳ እንደሆነ ደረሰኙን እዩ። ደሴን ሳይለቁ ደግሞ ከቀበሌ መሸኛ ያውጡ። ፋይዳ የማንነት መለያ እንጂ የነዋሪነት መታወቂያ ምትክ አይደለም። ያለ መሸኛ አዲሱ ወረዳ መታወቂያ አይሰጥም፣ አከራዩም በቤቱ እንድትመዘገቡ ፈቃደኛ መሆኑን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁት።

አስጀማሪ፦ እስካሁን ከቆጠርኩት ቱሉ ዲምቱ አምስት፣ ጣፎ ሁለት፣ አባዶ ዜሮ። አባዶን የሚከላከል የለም?

መምህርት፦ አባዶ ትምህርት ቤቱም ሰፈሩም ጥሩ ነው። ያ ቤት የወደቀው በፎቁ ነው። እዚያው አባዶ ሁለተኛ ፎቅ ቢገኝና የአባት ሥራ ቃሊቲ ባይሆን ከቱሉ ዲምቱ አስቀድመው ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛ፦ የቱሉ ዲምቱውንም ሳያዩ እንዳይፈርሙ። የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ ቀና ብለው ይዩ፤ ቢጫ ክብ ካለ የላይኛው ቤት ሽንት ቤት እያፈሰሰ ነው። በአዲስ ቀለም ከተሸፈነም በእጅ ንኩት፣ እርጥበቱ ይሰማል።

የጣፎ ደላላ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ አልልም። ካርታ ያለው፣ አስፋልት ዳር፣ ቼክ ቫልቭ የተገጠመለት ቤት አለኝ። አሁን ምን ትላላችሁ?

ሳይት መሐንዲስ፦ መብራቱስ? የግሉ ቆጣሪ ነው?

የጣፎ ደላላ፦ ከሁለት ተከራዮች ጋር የጋራ ነው። ተስማምተው ይካፈላሉ።

ሳይት መሐንዲስ፦ አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይወስዳል። ሦስቱ ቤት ቅዳሜ ጠዋት አብረው ቢጥዱ 48 አምፔር ነው፣ ያ መስመር አይሸከመውም። ታሪፉም ፍጆታ ሲጨምር በእርከን ስለሚወደድ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሁሉንም ወደ ውዱ እርከን ይወስዳቸዋል። ካርዱ ማታ ሲያልቅስ ማነው የሚሞላው?

የጣፎ ደላላ፦ ጥዶ የሚጨርሰው ቀድሞ የተነሳው ነው። እማማ ደግሞ በጠዋት ይነሳሉ።