በኮሮና ምክንያት ቤት መዋል ከጀመራችሁ ወዲህ ስለራሳችሁ ያልጠበቃችሁትን ነገር ያያችሁ አላችሁ?

ቀይ እስክሪብቶ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአምስተኛ ክፍል አማርኛ መምህር ነኝ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤት ተዘጋ ሲባል፣ ሰው ሁሉ «ጊዜውን ራሳችሁን ለማሻሻል ተጠቀሙበት» ይል ጀመር። እኔም አዲስ ደብተር ገዝቼ እቅድ አወጣሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ እንግሊዝኛ፣ ስፖርት፣ ምን ቅጡ። የከተማችን ብርድ መቼም ይታወቃል። ዘጠነኛው ቀን ላይ የተጻፈው «ዛሬም ተኛሁ» የሚል ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ በድንገት ሲዘጋ ለማረም የወሰድኳቸው 47 ደብተሮች እኔው ጋ ቀሩ። አንድ ከሰዓት ሥራ ስፈታ እስክሪብቶ ሳልይዝ አነበብኳቸው። ዘጠኝ ዓመት ሳስተምር ደብተር እንዲያው አንብቤ አላውቅም፤ አርማለሁ እንጂ።

የአንዱ ልጅ ደብተር ላይ አምስት ቦታ «ሰነፍ» ብዬ ጽፌያለሁ። በቀይ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ከሰሌዳ የገለበጠው በሙሉ ስህተት ነው። «ሰ» «ለ» ይሆናል፣ «ደ» «ጀ» ይሆናል፣ የመስመሩ መጨረሻ ይጎድላል። የቃል ጽሕፈቱ ግን ንጹሕ ነው። አንድ ግድፈት የለውም። ረጅም ስለሆነ መጨረሻ ወንበር ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ።

ልጁ ሰሌዳው አይታየውም። ይህ እንዲገባኝ ወረርሽኝ መምጣት ነበረበት?

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እናንተስ ቁጭ ስትሉ ያልጠራችሁት ነገር መጥቶባችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ?

ብሩህ ነገ፦
ወንድሜ ራስህን አትውቀስ። ውሃ ጠጣ፣ በቀን 20 ገጽ አንብብ። ዩቲዩብ ላይ ነፃ ኮርስ ሞልቷል። እኔ በሦስት ሳምንት ፎቶሾፕ ጨርሻለሁ።

የጣርማበር ጉም፦
ፎቶሾፕ የደመወዝተኛ ነገር ነው፣ ይቅርታ። እኔ ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ሚኒባስ ነው የምነዳው። ግማሽ ጫኑ ተባለ፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ፣ ተሳፋሪው ንዴቱን የሚወጣው በእኔ ነው። አብዛኛውን ቀን ቤት ነኝ። ድሮ ልጄ ሳትነቃ እወጣለሁ፣ ከተኛች በኋላ እገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ስትጽፍ አየኋት። በግራ እጇ! ስምንት ዓመቷ ነው። ሚስቴን «ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት። እንዴት እንዳየችኝ አልነግራችሁም።

ቲቸር፣ ምን አደረጋችሁ ላልከው፣ እኔ ምንም አላደረግኩም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስትጽፍ አያለሁ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ልጄ፣ 34 ዓመት አስተምሬያለሁ። ሱባኤ የሚገባ ሰው በሶውን ይዞ ይገባል፣ እቅድ ይዞ ሲገባ አላየሁም። የሚገባውም ጉድለቱን ሊያይ ነው። ዘንድሮ ስቅለትን ቤታችን ሰግደን ዋልን አይደል? እኔ የሰገድኩት የገረፍኳቸውን ልጆች ስም እየጠራሁ ነው። የማስታውሳቸውን ማለቴ ነው። የእኔዎቹ አድገዋል፣ የሞቱም አሉ፣ የት አገኛቸዋለሁ። ያንተ ልጅ ግን አለ። እዚህ ምን ያስጽፍሃል? ቤቱን አታውቀውም?

ቀይ እስክሪብቶ፦
እትዬ፣ አራት ቀን ያመነታሁት አፍሬ ነው። ዛሬ ሄድኩ።

ቤታቸው ከጠባሴ ወጣ ብሎ ነው። እናቱ ማስክ ያደረገ ሰው ስታይ ኮሮና ሊመረምር የመጣ መስሏት በሩን ዘጋች። አልፈርድባትም። ራቅ ብዬ ማንነቴን ስነግራት «ምን አጠፋ?» አለች። ያጠፋሁስ እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ።

ልጁን ሜዳው ላይ ከበጎቹ ጋር አገኘሁት። ማዶ ጉብታው ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። «ጉልላቱ ላይ ምን ይታይሃል?» አልኩት።

«ቤተ ክርስቲያን እንዳለ አውቃለሁ፣ ቲቸር።»

«በጎቹስ ሲርቁብህ?»

«እጠራቸዋለሁ፣ ይመጣሉ።»

ስንከፍት የፊት ወንበር እንደምሰጠው ነገርኩት። ደብተሩን ሰጥቼው ተመለስኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው ትዝ ያለኝ፤ «ሰነፍ» የሚለውን አልሰረዝኩትም። እናቱ ፊደል አትለይም። እሱ ግን ዓይኑ ሥር አድርጎ ሲያነብ አንዲት ፊደል አታመልጠውም። ነገ ተመልሼ እሄዳለሁ።

የጣርማበር ጉም፦
ቲቸር፣ ልጁን ዓይን ሐኪም ጋ የምትወስደው ቀን ደውልልኝ፤ ቁጥሬን በውስጥ ልኬልሃለሁ። እናቱም ትምጣ። ግማሽ ጭነት አይደል፣ ባዶ ወንበር ሞልቷል።