«ነጻ» ሆኖ «ነጻ ያልሆነ» ሶፍትዌር

የሰፈሩ ካሜራ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለቤት ኮምፒውተሬ ገንዘብ የማይጠይቅ የፎቶ ማስተካከያ ስፈልግ አንድ መግለጫ ላይ ይህን አነበብሁ፦ «ይህ ነጻ የፎቶ አርትዖት ሶፍትዌር ለግል አገልግሎት ነጻ ሲሆን ለንግድ አገልግሎት ነጻ አይደለም፤ ነጻ ሶፍትዌርም አይደለም።» በአንድ ዓረፍተ ነገር አራት «ነጻ»፤ ሁለቱን ሰጥቶ ሁለቱን ነሣኝ። የምሻው ቀላል ነው። እህቴ ስትመረቅ ያነሣኋቸው ፎቶዎች ጨልመዋል፤ እነርሱን ላፍካ፣ ጠርዛቸውንም ልቁረጥ። አልፎ አልፎ የጎረቤት ሰርግ ፎቶ ሳሳምር ለቡና ብለው የሚሰጡኝ አለ። ይህ ንግድ ይባላል? ዓረፍተ ነገሩስ ምን ማለት ነው?

እርሳስና ላጲስ፦
ጥፋቱ የተርጓሚው ነው። «ነጻ» ባሕርይን ይገልጻል፤ ነጻ አገር፣ ነጻ ሰው እንላለን። «በነጻ» ግን የተገኘበትን መንገድ ይናገራል፤ በነጻ ታከመ፣ በነጻ ተማረ። ተርጓሚው «በ»ን ስለ ዋጣት ነው የተቸገርኸው። በእኔ የጋዜጣ እርማት ጠረጴዛ ቢያልፍ ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር፦ «ይህን የፎቶ ማስተካከያ ለግል ጉዳይ የሚጠቀም አይከፍልም፤ ለንግድ የሚጠቀም ይከፍላል፤ አሠራሩን ከፍቶ መለወጥ ግን ለማንም አልተፈቀደም።» አንድም «ነጻ» የለበትም፤ የጎደለውም ነገር የለም።

ባለ ሊኑክስ፦
ተርጓሚው ብቻውን አልተሳሳተም፤ እንግሊዝኛው ራሱ ኅብረ ቃል ነው። «ፍሪ» ያልታሰረም፣ የማይከፈልበትም ማለት ነው። አሜሪካዊው የፕሮግራም ጸሐፊ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት የመሥራት ውጥን ካወጀ፣ በ1985ም የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን ካቋቋመ ጀምሮ «እንደ ንግግር ነጻነት እንጂ እንደ ነጻ ቢራ አይደለም» እያሉ ሲያስረዱ ይኖራሉ። ለእነርሱ ነጻ ሶፍትዌር አራት መብት የሚሰጥ ነው፦ ለፈለጉት ጉዳይ ማሠራት፣ አሠራሩን መርምሮ መለወጥ፣ ቅጂውን ማካፈል፣ የለወጡትንም ማካፈል። ቆጠራውም ከዜሮ ይጀምራል፤ የፕሮግራም ጸሐፊ ነገር!
ሦስት የፎቶ ፕሮግራሞችን በዚህ ሚዛን እንይ። ጂምፕ በነጻም ይገኛል፣ ነጻም ነው። ፔይንት ዶት ኔት ከራሱ ገጽ ሲወርድ አያስከፍልም፤ ምንጩ፣ ማለትም የተጻፈበት ኮድ፣ ግን ዝግ ነው። ኢርፋንቪው በቤቱ ለሚጠቀም አይከፈልበትም፤ ድርጅት ግን ፈቃድ ይገዛል። አንተ ያነበብኸው መግለጫ የዚህን የመጨረሻውን ዓይነት ይመስላል።

ቆጥ ላይ፦
እህታችን እርሳስ፣ ሕግሽ አማረኝ። ታዲያ «ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን በነጻ አሰናበተው» ሲባልስ? ዳኛው ሳይከፈላቸው አሰናበቱት ማለት ነው?

እርሳስና ላጲስ፦
እዚያ ላይ ያለው «በ» ሁኔታን የሚያሳይ ነው። የተሰናበተበት ሁኔታ ነጻ የመሆን ሁኔታ ነው።

ቆጥ ላይ፦
እንግዲያው «በነጻ» ስለ ገንዘብ ብቻ አይናገርም። ጋዜጣውን ያረመች እጅ የራሷን ሕግ አፈረሰች።

እርሳስና ላጲስ፦
ስለ ገንዘብ ብቻ ነው አላልሁም። «የተገኘበት መንገድ» ነው ያልሁት። ከፍ ብለህ አንብብ።

ቆጥ ላይ፦
አነበብሁ። ተከሳሹ በምን መንገድ ተገኘ?

ዋሸራ በር፦
ልጆች፣ ቅርንጫፉን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ከሥሩ እንጀምር። «ነጻ» የግእዙ «ነጽሐ» ነው፤ ጠራ፣ ንጹሕ ሆነ ማለት ነው። ከበደል የጠራው ሰው በነጻ ተሰናበተ፤ ከዕዳ የጠራው ዕቃ በነጻ ተገኘ። ስለዚህ ሁለታችሁም የምትጣሉበት «በነጻ» አንድ ነው፤ «ያለ ዕዳ» ማለት ነው። ዕዳው የወንጀልም ይሁን የብር፣ ቃሉ አይለይም። አጻጻፉም በጸሎቱ «ጸ» ነው፤ «ነፃ» እያላችሁ በፀሐዩ የምትጽፉ ጋዜጠኞች ቃሉን ከወላጁ ለይታችሁ ጓሮ ጥላችሁታል። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ግለጡ። ግን በአበገደ ተራ ፈልጉ፤ በሀለሐመ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

እርሳስና ላጲስ፦
መምህር፣ «ነፃ» ብሎ የሚጽፈው አዘጋጅ በደመወዝ የሚኖር ሰው ነው፤ የቤቱን አጻጻፍ እኔም አልመረጥሁትም። ግን «ያለ ዕዳ» የሚለው ትርጓሜዎ ነጻ አገርን አይገልጽም። በዕዳ የተዘፈቀ ነጻ አገር ስንት አለ!

የቆላ ማር፦
እኔ ሌላ አሳብ አለኝ። «ሕንጻ» የሚለውን ቃል እዩት፤ በውስጡ «ንጻ» አለ። ነጻ የሆነ ሰው ቤት ይሠራል፤ ባሪያ ግን የራሱ ቤት የለውም። ስለዚህ «ነጻ»፣ «አነጸ» እና «ሕንጻ» አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ዋሸራ በር፦
ልጄ፣ የሕንጻ ሥር «ሐነጸ» ነው። «ሐ»ን እንደ በር መዝጊያ ነቅለህ ጥለህ ቤቱ የእኔ ነው ትላለህ? የ«ነጽሐ» «ሐ» በስተኋላ ናት፤ የ«ሐነጸ» በስተፊት። ቅኔ ቤት ብትሆን ይህን ብለህ እራት አይሰጥህም ነበር።

ቆጥ ላይ፦
«ጾም» ጦም፣ «ፀሐይ» ጠሐይ ከሆነ፣ «ነጻ»ም ነጣ ነው። ስለዚህ ነጻ ሶፍትዌር የሚፈልግ ሁሉ የነጣ ድሃ ነው። ባለ ሁለት ስንኝ ቅኔዬ፣ ጉባኤ ቃናው፣ አልቋል፤ ተቀበሉኝ።

ዋሸራ በር፦
ስትቀልድ እውነት ነካህ። ነጣና ነጻ በእርግጥም የአንድ እናት ልጆች ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የጸዳ ልብስ ይነጣል።

ወለተ ሐዲስ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። «በነጻ» የሚለው በገንዘብ ረገድ የሰፋው በኋላ ይመስለኛል። በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ 10፥8 «በከንቱ ተቀበላችሁ በከንቱ ስጡ» ይላል። ራእይ 22፥17 ደግሞ «የወደደም የሕይወትን ውኃ እንዲያው ይውሰድ» ይላል። ሁለቱም «ሳትከፍሉ» ማለት ናቸው፤ ሁለቱም ቦታ ላይ «በነጻ» አላለም።

ቆጥ ላይ፦
ወንድማችን ካሜራ፣ መልስህ ተገኘ፦ «ከንቱ ሶፍትዌር»።

ወለተ ሐዲስ፦
ሳቅህን አቁምና ስማኝ። «ከንቱ» ያኔ ዋጋ ያልተከፈለበት ነበር፤ ዛሬ ዋጋ የሌለው ሆነ። ሰው ያልከፈለበትን ነገር መናቅ ስለሚወድ ቃሉም አብሮ የወረደ ይመስለኛል። «እንዲያው» ግን ክብሩን ጠብቆ ኖሯል። «እንዲያው የሚሰጥ ሶፍትዌር» ብንል ምን ይጎድለዋል?

እርሳስና ላጲስ፦
አንባቢ «እንዲያው ዝም ብሎ» የሚለውን ይሰማበታል። አይሆንም።

ወለተ ሐዲስ፦
አንባቢ ያልለመደው አንቺ ስላላስለመድሽው ነው።

ባለ ሊኑክስ፦
ለሌላው ፍቺ፣ ላልታሰረውስ፣ የግእዙ «ሐራ» (ነጻ ሰው) አይሻልም? «አርነት» ከ«ሐራነት» ነው ይባላል። «የአርነት ሶፍትዌር» ቢባል ስለ ገንዘብ የሚጠረጥር አይኖርም። ዮሐንስ 8፥32ም «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» ነው የሚለው፤ ነጻ ያወጣችኋል አላለም።

ዋሸራ በር፦
ሐራ ወታደርም ነው። ኮምፒውተርህ ላይ ጭፍራ ልታሰፍር ነው? ግእዙን ከወደድህ «ግዕዛን» አለልህ፤ የፈቃድ ነጻነት ማለት ነው። «ግዑዝ ሶፍትዌር» በል።

ቆጥ ላይ፦
በአማርኛ ግዑዝ ማለት ነፍስ የሌለው ነው፣ የኔታ። የቀዘቀዘ ኮምፒውተር ያለው ሰው ይህን ስም በደስታ ይቀበላል።

የቆላ ማር፦
እሺ፣ ሕንጻውን ትቻለሁ። ግን ስለ «አርትዖት» ማንም አላነሣም። ይህ ቃል ለጽሑፍ እንጂ ለፎቶ እንዴት ይሆናል? አርትዖት ማቅናት ከሆነ፣ የፊት ብጉር አጥፍቶ ጉንጭ የሚያሰፋውን ማቅናት እንበለው ወይስ ማጣመም?

ዋሸራ በር፦
አሁን የሰው ጥያቄ ጠየቅህ። «ርትዐ» ቀና ነው፤ «አርትዐ» አቀና፤ «ርቱዕ» የቀናው። ደግሞ ልብ በሉ፤ ስትጣሉባቸው የዋላችሁባቸው የሁለቱ ቃላት ዘመዶች በአንድ ቁጥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መዝሙር 50ን ያልደገመ ማን አለ? «ልበ ንጹሐ ፍጥር ሊተ እግዚኦ፤ ወመንፈሰ ርቱዐ ሐድስ ውስተ ከርሥየ።» ንጹሑ ነጻ ነው፣ ርቱዑ አርትዖት ነው። ዳዊት ስለ ፎቶ ባይናገርም ቃላቱን አስቀድሞ አዘጋጅቶላችኋል።

እርሳስና ላጲስ፦
ይህን እቀበላለሁ፤ ያምራልም። ለፎቶ ግን «ማስተካከል» ይበቃል። ፎቶ ቤት ሄዶ «ፎቶዬን አርትዑልኝ» ያለ ሰው አላውቅም። «አሳምሩልኝ» ነው የሚሉት፤ በፊልሙ ዘመን ደግሞ «እጠቡልኝ» ነበር።

ወለተ ሐዲስ፦
«ማጠብ»ም ወደ «ነጽሐ» ይመልሰናል።

አወያይ፦
አባላት ሆይ፣ ጠያቂው ሁለት ነገር ጠይቆ ነበር። የቡናው ገንዘብ ንግድ ነው ወይ ላለው እስካሁን መልስ የሰጠ የለም።

ቆጥ ላይ፦
ቡናው ስኳር ካለበት ንግድ ነው።

የሰፈሩ ካሜራ፦
መምህር፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙ ተማርሁ። አሁን ግን ማታ ነው፤ እህቴም ፎቶውን እየጠበቀች ነው። ከሦስቱ የትኛውን ልያዝ?

ባለ ሊኑክስ፦
ጂምፕን ጫን። ፈቃዱ ግልና ንግድ ብሎ ስለማይለይ የቡናው ጭንቀት ከዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ላይ የመሣሪያው ብዛት ያስደነግጣል፤ አንተ ግን የምትፈልገው ሁለቱን ብቻ ነው። ከቀለም ዝርዝር ውስጥ «ከርቭስ» የሚለውን ክፈትና የሰያፉን መስመር መሐል ይዘህ በጥቂቱ ወደ ላይ ሳበው፤ የጨለመው ይፈካል። አብዝተህ ከሳብኸው ነጭ ቀሚስ ዝርዝሩ ይጠፋል። ጠርዝ ለመቁረጥ ደግሞ

ዋሸራ በር፦
ይቅርታ ላቋርጥህና፣ «ጫን» ያልኸው ቃል ከየት እንደ መጣ ታውቃለህ? ከ«ጸዐነ» ነው። ጸሎቱ «ጸ» ወደ «ጨ» ዞረ፣ «ዐ» በመሐል ተዋጠ። «ተጽዕኖ»ም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር የጫነ ሰው በኮምፒውተሩ ላይ ተጽዕኖ አሳደረ ማለት ነው።

ቆጥ ላይ፦
የእኔ ኮምፒውተር ላይ ተጽዕኖው በርትቶ ማራገቢያው ይጮኻል።

የቆላ ማር፦
«ጫና»ም? «ጭነት»ም? «ጫንቃ»ስ?

ዋሸራ በር፦
ጫናና ጭነት አዎን። ጫንቃን ተወው፤ እንደ ሕንጻው ታደርገዋለህ።

እርሳስና ላጲስ፦
ቆይ፣ መምህር። «ተጽዕኖ» በጸሎቱ ከሆነ እኛ ቤት ሁሌም በፀሐዩ ነው የምናትመው። ነገ ዋና አዘጋጁ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ፤ ኪዳነ ወልድ ላይ በየትኛው ፊደል ሥር ልፈልገው?