የቆየ ፖርሽ 911 ኮይሎች፦ ስድስቱም ይቀየሩ ወይስ የተበላሸው ብቻ?

ጥያቄ (ባለ 996)

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተሠራና 3.4 ሊትር ሞተር ያለው ፖርሽ 911፣ ማለትም 996 በሚለው መለያ ቁጥሩ የሚታወቀውን መኪና እነዳለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲዘንብበት አድሮ ጠዋት ሳስነሣው፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የቼክ ኢንጂን መብራትም በርቶ ቀረ። አሥር ደቂቃ ያህል ነድቼው ሞተሩ ሲሞቅ ግን መንቀጥቀጡ ጠፋ። ኮዱን ሳነበው ፒ0303 የሚል ሆኖ አገኘሁት፤ ይህም ሦስተኛው ሲሊንደር ሚስፋየር እንዳደረገ፣ ማለትም ነዳጁን በትክክል እንዳላቃጠለ የሚያመለክት ነው። ቀኑ ደረቅ በሆነ ጊዜ ምንም የሚሰማኝ ነገር የለም።

ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች የተቀየሩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጡት ኮይሎች ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አብረውት የወጡ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ስገዛው በተረከብኩት የጥገና መዝገብ ውስጥ ስለ ኮይል የተጻፈ አንድም መስመር የለም። ያሳየሁት መካኒክ ስድስቱም በአንድ ጊዜ ይቀየሩ አለኝ፤ ምክንያቱን ስጠይቀው «አርጅተዋል» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጠኝም፣ አንዱንም ፈትቶ አላየም። ለመሆኑ ዕድሜ ብቻውን ኮይል ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው? ሥራውን ራሴ ልሠራው እችላለሁ፤ ክሪክም ጠንካራ መደገፊያም አለኝ።

መልስ (አሮጌ ሞተር)

ጤና ይስጥልኝ። ኮይል ቀን ተቆጥሮለት የሚቀየር ዕቃ አይደለም። ካንዴላ በእያንዳንዱ ብልጭታ ጫፉ እየተበላ ስለሚሄድ የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር ይወሰንለታል፤ በኮይል ውስጥ ግን እየተፋቀ የሚያልቅ ነገር የለም። ኮይልን የሚጎዱት ሙቀትና እርጥበት ናቸው፤ በ996 ላይ ደግሞ ሁለቱም በሽ ናቸው። ሞተሩ ስድስቱን ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት አድርጎ በግራና በቀኝ ያጋደመ በመሆኑ፣ ኮይሎቹ በብዙ መኪናዎች ላይ እንደምናየው ከሞተሩ አናት ላይ ሳይሆን ዝቅ ብለው በጎንና በጎን፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ፣ ጎማ የሚረጨው ውሃ በሚደርስበት ቦታ ነው የተቀመጡት። ፕላስቲኩ ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ ኖሮ በመጨረሻ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል።

የነገሩን ምልክት ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። ኮይሉ ከባትሪ የሚያገኘውን 12 ቮልት ወደ አሥር ሺዎች ቮልት ያሳድገዋል፤ ይህን ያህል ቮልት ደግሞ የቀለለውን መንገድ ካገኘ ሌላውን አይፈልግም። እርጥበት ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ፣ ብልጭታው ካንዴላው ጫፍ ላይ መዝለሉን ትቶ በስንጥቁ በኩል ወደ ሞተሩ አሉሚኒየም ይወርዳል። ሞተሩ ሞቆ እርጥበቱ ሲደርቅ መንገዱ ይዘጋና ችግሩ እንዳልነበረ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ግን እስካሁን ግምት ነውና ይፈትኑት። በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ያለውን ኮይል ነቅለው በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያም ከሁለተኛው ጋር ቦታ አቀያይሯቸው፣ ኮዱን አጥፍተውም ቀጣዩን እርጥብ ጠዋት ይጠብቁ። ኮዱ ፒ0302 ሆኖ ከተመለሰ ጥፋቱ አብሮ ስለሄደ ኮይሉ ነው፤ ፒ0303 ሆኖ ከቀረ ግን ኮይሉን ይተዉትና ካንዴላውን፣ ሽቦውን፣ ነዳጅ የሚረጨውን ኢንጀክተር፣ በመጨረሻም የሲሊንደሩን ግፊት (ኮምፕሬሽኑን) ይፈትሹ። ሳይጠብቁ ውሃ እየረጩ ብልጭታው ሲያመልጥ በጨለማ ለማየት የሚሞክሩ አሉ፤ በዚህ መኪና ላይ ግን ሞተሩ እየሠራ ከጋለ የጭስ ማውጫ ሥር መተኛት ስለሚሆን አልመክረውም።

አንድ ነገር አደራ፦ መብራቱ በርቶ መቆሙን ትቶ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ መኪናውን ያቁሙት። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ውስጥ ገብቶ እዚያ ስለሚነድ፣ በአንድ ኮይል የጀመረ ጣጣ ብዙ እጥፍ ወደሚከፈልበት ጥገና ይሸጋገራል።

መልስ (ባለ ቦክስተር)

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ በውሳኔው ላይ ግን የተለየ አስተያየት አለኝ። እኔ የምነዳው 986 ቦክስተር፣ ሌላው የፖርሽ ሞዴል፣ ሞተሩ ከእርስዎ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ «የተበላሸው ብቻ ይቀየር» ብዬ አንድ ኮይል ቀየርኩ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ሁለተኛው ሄደ፤ ቀጥሎ በዝናብ ወቅት መሀል ሦስተኛው ተከተለ። ሦስት ጊዜ መኪናውን አነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ የኋላ ጎማ ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜም እጄን ከማርሚታው ጀርባ አስገብቼ ክንዴን ተላጥኩ። ስድስቱም በአንድ ቀን ተወልደው፣ አንድ ዓይነት ሙቀት ሲበሉ ኖረው፣ አንዱ ሲሰነጠቅ ሌሎቹ ጤነኛ ሆነው ይቀራሉ ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። መካኒክዎ ምክንያቱን በቅጡ አላስረዳዎትም እንጂ ምክሩ መጥፎ አልነበረም።

መልስ (ጥቁር ካንዴላ)

በአንጻሩ እኔ ስድስቱንም ቀይሬ ችግሩ ሳይፈታ የቀረብኝ ሰው ነኝ። አዲሶቹ ኮይሎች በተገጠሙ ማግስት መኪናው ዳገት ላይ ነዳጅ በተሰጠው ቁጥር ልክ እንደ ድሮው ይቆራረጥ ነበር። በኋላ ካንዴላዎቹን ሳወጣቸው ከአንዱ ነጭ ሸክላ ላይ በእርሳስ የተሰመረ የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ወርዳ አገኘሁ፤ ብልጭታው በዚያች መስመር ነበር የሚያመልጠው። ኮይል ሲቀየር ካንዴላ ሳይነቀል መታለፉ ስሕተት ነው እላለሁ። በተጨማሪም የካንዴላ ጫፍ ተበልቶ ክፍተቱ ሲሰፋ ብልጭታው ለመዝለል ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል፤ ያም ሸክም የሚያርፈው ኮይሉ ላይ ስለሆነ፣ ያለቀ ካንዴላ ጤነኛውን ኮይልም ያስረጃል።

ኮይሉ ሲወጣ ካንዴላው የተቀመጠበትን ቱቦ በባትሪ መብራት ይዩት። በዚህ ሞተር ላይ የቱቦዎቹ ኦሪንግ፣ ማለትም ክቡ የጎማ ማሸጊያ፣ ሲደርቅ ዘይት ያስገባል፤ ዘይቱም የኮይሉን ጎማ ያላሽቀዋል። ቱቦው ውስጥ ዘይት ተኝቶ እያለ አዲስ ኮይል መግጠም ገንዘብን ዘይት ውስጥ መዝፈቅ ነው። በመልቲሜትር ኦም ለክተው «ጤነኛ ነው» ብለው እንዳያልፉትም፤ ልኬቱ የውስጡ ሽቦ መቆረጥ አለመቆረጡን ይነግርዎታል እንጂ፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ 20 ወይም 30 ሺህ ቮልት ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን አይነግርዎትም።

መልስ (ባለ 996)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሦስተኛውን ኮይል ወደ ሁለተኛው አዛውሬ ስጠብቅ፣ በአምስተኛው ቀን ዘንቦ አደረና ጠዋት ኮዱ ፒ0302 ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ ስድስቱንም አውጥቼ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ መስኮት አጠገብ አንድ በአንድ አገላብጬ አየኋቸው። ጥፋተኛው ኮይል ላይ ያለው ስንጥቅ ያለ መነጽር ይታያል፤ ከብሎኑ ቀዳዳ ተነሥቶ እስከ ጎማው አንገት ይደርሳል፣ ጠርዙም ነጣ ብሏል። ያልጠበቅሁት ግን በሌሎች ሦስት ኮይሎች ላይም ጅምር ስንጥቆች መኖራቸው ነው፤ እነዚህ ጣት ሲያልፍባቸው አይሰሙም፣ የሚታዩትም ብርሃን በጎን ሲያርፍባቸው ብቻ ነው። በስድስተኛው ሲሊንደር ቱቦ ውስጥም ጥቂት ዘይት ተጠራቅሞ አገኘሁ።

ስለዚህ ስድስቱንም ለመቀየር ወሰንሁ፤ ምክንያቴ ግን ማርጀታቸው ሳይሆን ከስድስቱ አራቱ መሰንጠቃቸው ነው። አንዱ ብቻ ተሰንጥቆ አምስቱ ንጹሕ ሆነው ባገኛቸው ኖሮ አንዱን ቀይሬ እተወው ነበር። ስንጥቅ ያልተገኘባቸውን ሁለቱን ለክፉ ቀን መለዋወጫ አድርጌ ይዣቸዋለሁ። ካንዴላዎቹንና የቱቦዎቹን ኦሪንጎች አብሬ ስለምቀይር፣ ስገጥም ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (አሮጌ ሞተር)

ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ካንዴላ አይንቀሉ፤ የጋለ አሉሚኒየም የቀዳዳውን የብሎን ጥርስ ከካንዴላው ጋር ነቅሎ ይሰጥዎታል። ሥራ ሳይጀምሩ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። አዲሱን ካንዴላ መጀመሪያ በጣትዎ ኃይል ብቻ እስከ መጨረሻው ያሽከርክሩት፤ ጥርሱን ስቶ ከገባ እጅዎ ወዲያው ያውቀዋል፣ ቁልፍ ግን አያውቀውም። ከዚያ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች) 30 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል። እያንዳንዱን ኮይል የያዙት ሁለቱ ብሎኖች ደግሞ ከ10 ኒውተን ሜትር በላይ አይፈልጉም፤ አንዱን እስከ መጨረሻው አጥብቀው ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ ሁለቱን በየተራ ጥቂት ጥቂት ያጥብቋቸው። የአሮጌው ኮይል ስንጥቅ ከብሎኑ ቀዳዳ እንደተነሣ ያዩት እርስዎ ራስዎ ነዎት።