ጥቆማ፦ እማዬን የግሪክ ተራራ መንደር ልወስዳት ነው፣ የቱ ይሻላል?

የኪፕሴሊዋ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ። የአቴንስን ሙቀት ሁለት ቀን ከቀመሰች በኋላ «ወደ ቤቴ መልሺኝ» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ አንድ የተራራ መንደር ወስጄ፣ አደባባዩ ላይ ጥላ ሥር አስቀምጬ ቡና ላጠጣት ነው ሐሳቤ። መኪና የለኝም፣ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የምናድረው፣ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ማክሪኒጻ፣ ሜጾቮ ወይስ አራኾቫ?

ቮሎሴ፦
ማክሪኒጻ ነዋ! በአውቶቡስ ቮሎስ ከተማ፣ ከዛ በሌላ አውቶቡስ ወደ ላይ። አደባባዩ ላይ ዋርካ የሚያካክሉ የፕላታኖስ ዛፎች አሉ። ከጎናቸው የእብነ በረድ ምንጭና ትንሽዬ የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን። ቁልቁል ስታዪ ቮሎስ ከነባሕሩ እግርሽ ሥር ነው። «የፔሊዮን ተራራ ሰገነት» የሚሉት ወደው አይደለም።

ዝምተኛው፦
ጉልበቷን ያማታል ተብሏል እኮ። ማክሪኒጻ መኪና መግቢያው ላይ ነው የሚቀረው፣ ከዛ ወዲያ ድንጋይ ንጣፍ ላይ በእግር ነው።

ሚሚ ተሰሎንቄ፦
ድንጋይ ንጣፍ ስትሉ አስታወሳችሁኝ። የመንደሩንም የእንግዳ ማረፊያውንም ስም አልጠራም። ፎቶው ላይ ምድጃው ቦግ ብሎ ይነዳል፣ እኔም በጥር ለዛ ምድጃ ብዬ ነው የያዝኩት። ስንደርስ እንጨቱ ለብቻው ይከፈላል አሉን፣ ያመጡልን ደግሞ እርጥብ ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ገጠር ማድ ቤት በጭስ ስናለቅስ አደርን። ጠዋት ስንወጣ የሻንጣዬ ጎማ ተነቀለና ቁልቁለቱን ተንከባሎ ወረደ። አንድ አዛውንት በከዘራቸው ባያቆሙልኝ ቮሎስ ይደርስ ነበር 😂

ዝምተኛው፦
ስሙን አልጠራም ብለሽ ቮሎስ አልሽ።

ሚሚ ተሰሎንቄ፦
ውይ።

ቮሎሴ፦
እንጨት ሁሉም ቦታ ይከፈላል፣ የማክሪኒጻን ስም አታጥፊ!

አሥር ዓመት በአቴንስ፦
አራኾቫ ብቻ። ፎርማኤላ የሚባለውን አይብ ጠብሰው ሲያመጡልሽ ሌላውን ሁሉ ትረሺዋለሽ። እኔ ዓመት አልፎ ዓመት አንድ ታቬርና ነው የምበላው፣ ሰውዬው ገና ከበር ሲያየኝ ነው የሚያዘው። ሌላ ቦታ ሞክሬ አላውቅም፣ መሞከርም አያስፈልግም።

ዝምተኛው፦
ሌላውን ሳይቀምሱ ማወዳደር ይሏል ይሄ ነው። ልጅቷ ስለ ጥላ ጠየቀች፣ አንተ ስለ አይብ።

ወለተ ማርያም፦
እህቴ፣ ነሐሴ መጀመሪያ ያልሽው በእኛ ነው በፈረንጅ? በእኛ ከሆነ ፍልሰታ ነው። ግሪኮቹ ከኦገስት 1 እስከ 14 ይጾሙና በ15 በየአደባባዩ ክላሪኔት እየተነፋ፣ በግ እየተጠበሰ ያነጋሉ። ያ ቀን ለእኛ ነሐሴ 9 ነው፣ ጾሙ አላለቀም። ደግሞ «ኒስቲሲሞ» (የጾም) ብለሽ ብቻ እንዳታዢ። እኔ እናቴን ይዤ እንደዛ ብዬ አዝዤ ኦክቶፐስ መጣልን፣ እነሱ ጋ የጾም ነው። እናቴ እግሩን ቆጥራ ስታበቃ አማትባ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። ጊጋንደስ በይ፣ ትልልቁ ባቄላ በቲማቲም ነው፣ ዳቦ ይዞ ያጠግባል።

አሥር ዓመት በአቴንስ፦
የእኔ ታቬርና ጊጋንደስም አለው።

የሹፌር ልጅ፦
ኧረ ጥያቄውን እንመልስላት። ሜጾቮ ያምራል፣ ከ1,100 ሜትር በላይ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፣ አደባባዩም ሰፊ ነው። ግን ከአቴንስ ሩቅ ነው፣ ለአንድ ሌሊት አያዋጣም፣ እማማን መንገድ ላይ ነው የምትጨርሻቸው። ለጉልበት የሚቀለው አራኾቫ ነው፣ በአይቡ አይደለም። የዴልፊ አውቶቡስ በዋናው መንገድ ያልፋል፣ ወርደሽ ትንሽ እንደሄድሽ ካፌ አለ። ደረጃውን ወደ ጊዮርጊስ ብቻ አትውጡ። በክረምት ለበረዶ ሸርተቴ በሚመጣ ሰው ይጨናነቃል፣ በበጋ ግን ረጭ ያለ ነው። ጥንታዊው ፍርስራሽ ያለበት ዴልፊም ከዛ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ቮሎሴ፦
አውራ መንገድ ዳር ቡና መጠጣት ከሆነማ እዛው አቴንስ ሰፈርሽ ኪፕሴሊ ምን አጠፋች?

የኪፕሴሊዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ኦክቶፐሱን ለእማዬ በስልክ ነግሬያት ሳቅ በሳቅ ሆነናል። ሚሚዬ፣ የእንጨቱን ገንዘብ ግን መለሱልሽ?