በ62 ዓመቴ ጡረታ ወጥቼ አገር ቤት ልግባ ወይስ 67 ልጠብቅ?

የአሌክሳንድሪያው ሹፌር

ሰላም ለሁላችሁ። በመጪው ጥር 62 ይሞላኛል። አሜሪካ ከገባሁ 24 ዓመት ሆነኝ፣ አብዛኛውን ታክሲ ነው የነዳሁት፣ ኋላም ኡበር። ወገቤ አልቻለም፣ ብርዱም አስጠልቶኛል። ቢሾፍቱ ትንሽ ቤት አለችን፣ ባለቤቴ እዚያ ገብተን ቡና ቤት ቢጤ እንክፈት ትላለች።

የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ሒሳቤን ኢንተርኔት ላይ ሳየው በ62 ከወጣሁ በወር 1,050 ዶላር፣ 67 ድረስ ከታገስኩ 1,600 ይላል። ያን ሁሉ ዓመት ለፍቼ ይቺን ብቻ? ደንግጫለሁ። እኔ ዜጋ ነኝ። እሷ 57 ዓመቷ ነው፣ 16 ዓመት በግሪን ካርድ ነው ያለችው፣ የዜግነት ፈተናው እንግሊዝኛ ነው ብላ ፈርታ ቀረች።

ገንዘቡ አገር ቤት ሆኜ ይመጣልኛል ወይ? አሁን ልውጣ ወይስ ልታገስ? ሕክምናውስ? የሞከራችሁት ንገሩኝ፣ ከጓደኞቼ የሰማሁት እርስ በርሱ ይጣላል።

ታክስ ሠሪዋ

ጋሼ፣ መጀመሪያ ለምን እንዳነሰ ልንገርዎ። ስሌቱ ከፍተኛ ገቢ ያገኙባቸውን 35 ዓመታት ወስዶ ነው አማካይ የሚያወጣው። እርስዎ 24 ነው የሠሩት፣ የቀረው 11 ዓመት በዜሮ ይሞላል። ዕድሜው ገፋ ብሎ የመጣ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይጎዳል። ሁለተኛው የሹፌሮች ጉዳይ ነው፣ አይቀየሙኝና በየዓመቱ ማይሉን፣ ስልኩን፣ የመኪና እጥበቱን ቀናንሰን የተጣራ ገቢው ትንሽ ሲሆን ታክስ ቀለለልን ብለን ደስ ይለናል፣ ሕጋዊም ነው፣ ግን ለጡረታ የሚቆጠረው ያው ተቀናንሶ የቀረው ገቢ ነው። ስንቱ ሹፌር ፊቴ ተቀምጦ «ትንሽ ቀንሺልኝ» ብሎኛል መሰለዎ።

አሁን ሒሳቡን እንይ። በ62 ከጀመሩ እስከ 67 በድምሩ 63,000 ዶላር ይቀበላሉ። ከታገሱ በየወሩ 550 ይበልጣል። ያንን 63,000 ለመድረስ 115 ወር ገደማ ይፈጃል፣ ማለትም 76 ዓመት ተኩል ሲሆንዎ ይካካሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ትርፍ ነው። ግን ልብ ይበሉ፣ 1,600 የሚለው እስከ 67 እየሠሩ ይቀጥላሉ ብሎ ገምቶ ነው። ዛሬ ሥራ አቁመው ዝም ብለው ቢጠብቁ ከዚያ ያንሳል።

እኔን ብዙ የሚያሳስበኝ ባለቤትዎ ናቸው። እርስዎ ቀድመው ካለፉ ለእሳቸው የሚተርፈው በእርስዎ ላይ ተመሥርቶ ነው፣ ቀድመው ከወጡ እሱም ይቀንሳል። በ4 ዓመት ያንሱዎታል፣ ሴት ደግሞ ዕድሜዋ ረዘም ይላል። እኔ ብሆን ቢያንስ 65 ድረስ እገፋበት ነበር።

ሌላው፣ የአሜሪካ ዜጋ የትም ቢኖር ገቢው በአሜሪካ የታክስ ሕግ ይቆጠራል። አገር ቤት ያሉት የባንክ ሒሳቦችዎ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለውን የውጭ ሒሳብ ማሳወቂያ ፎርም መሙላት ግዴታ ነው። ለእናትዎ ብለው ፈራሚ የሆኑበት ሒሳብም ይቆጠራል። ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም፣ ቅጣቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ደብረ ዘይት ገባሁ

ወንድሜ፣ እኔ ገብቼ 6 ዓመቴ ነው። ዜጋ ከሆንክ ገንዘቡ ይመጣል፣ አትስጋ። አሜሪካ ያለ ባንክህ ውስጥ ይገባል፣ አንተ ከዚህ ታወጣለህ። ሦስት ነገር ግን ስማኝ።

አንደኛ፣ የአሜሪካ ስልክ ቁጥርህን እንዳትዘጋ። ባንኩ ኮድ የሚልከው እዚያ ላይ ነው። እኔ ለወር 15 ዶላር ብዬ ዘጋሁትና የራሴን ገንዘብ ለሁለት ወር እያየሁት መንካት አልቻልኩም።

ሁለተኛ፣ ውጭ አገር ለምንኖር 7162 የሚባል ፎርም በፖስታ ይመጣል። በሕይወት አለህ ወይ፣ አግብተሃል ወይ፣ ሥራ ይዘሃል ወይ ይላል። ካልመለስክ ክፍያው ይቆማል። የእኔ ፎርም ወንድሜ ቤት ሜሪላንድ ሄዶ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከረመ፣ እኔ እዚህ ቡናዬን እጠጣለሁ፣ ለካ በወረቀት ሞቻለሁ! በኋላ ተስተካክሎ የቀረውም ተከፈለኝ፣ ግን አራት ወር ተበድሬ ነው የኖርኩት።

ሦስተኛ ያ ቡና ቤት። 67 ሳይሞላህ ጡረታ እየተቀበልክ፣ የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ በማይከፈልበት ሥራ ውጭ አገር በወር ከ45 ሰዓት በላይ ከሠራህ የዚያ ወር ክፍያ ይያዝብሃል። ዜጋ የራሱን ንግድ ሲከፍት ግን ያ ታክስ ስለሚመለከተው፣ የሚታየው ሰዓቱ ሳይሆን የዓመቱ ትርፍ ነው፣ ከመክፈትህ በፊት ጠይቅ።

ገንዘቡን ደግሞ በአንዴ ወደ ብር አትቀይር። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ቤት ሸጦ ሁሉንም በብር ያስቀመጠ ጎረቤት ነበረኝ፣ ስለሱ ባላወራ ይሻላል። እኔ የወሩን ብቻ ነው የማመጣው። ቢጫ ካርድህንም (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ቀድመህ አውጣ፣ ያለ ቪዛ ትገባለህ፣ ትኖራለህ፣ ትሠራለህ።

የእናቷ ልጅ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ሁሌ ያደናግረዋል። ከላይ የተባለው ሠርቶ ያገኘውን ጡረታ ለሚቀበል ነው። ኤስኤስአይ ሌላ ነው። እሱ አቅም ለሌላቸው አረጋውያን የሚሰጥ ድጎማ ስለሆነ ከአሜሪካ ውጭ 30 ቀን በተከታታይ ከቆዩ ይቋረጣል፣ ተመልሰውም 30 ቀን እዚህ መቀመጥ አለባቸው። እማዬን ለእህቴ ልጅ ሠርግ ወስደን፣ ከዚያ ጥምቀትም ደረሰ፣ ጎንደርን ሳላይ አልመለስም አለች፣ ሦስት ወር ሆነ። ተቋረጠባት፣ ለቀሩበትም ወራት ምንም አልተከፈላትም። ስህተቱ የእኛ ነው፣ ሳንጠይቅ ነው የሄድነው።

ለጋሼ ሕክምናውን በተመለከተ፦ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ከአሜሪካ ውጭ በጥቅሉ አይከፍልም፣ እሱም የሚጀምረው በ65 ነው። የሐኪም ወጪ የሚሸፍነው ክፍሉ፣ ፓርት ቢ፣ በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር። አገር ቤት ስለሆንኩ አልከፍልም ብለው ትተውት ኋላ ልግባ ቢሉ፣ ለዘገዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ ይጨመርብዎታል፣ ያውም ለዕድሜ ልክ። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያሰጋዎት ከሆነ ይክፈሉት። ጤነኛ ከሆኑና ላልመለስ ካሉ ግን በማይጠቀሙበት ነገር ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ባለቤትህ ማንም አልመለሰልህም። 55 ዓመት ያለፈውና 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርለታል። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአማርኛ በአስተርጓሚ ትመልሳለች። አክስቴ እንደዚያ ነው ያለፈችው። ሳትጨርስ ይዘሃት እንዳትሄድ! ግሪን ካርድ ይዞ ከዓመት በላይ ውጭ መቆየት ካርዱን ሊያሳጣ ይችላል፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ሲወጣ ጡረታውም ሊቆምበት ይችላል።

የአሌክሳንድሪያው ሹፌር

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ማታ ለባለቤቴ «በአማርኛ ነው የሚጠይቁሽ» ስላት ዝም ብላ አየችኝና «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስታደርግ ነበር?» አለችኝ። ፎርሙን ሰኞ እንሞላለን። እኔም 65 ድረስ ልገፋበት ነው፣ ግን ሌሊት አልነዳም፣ ወገቤ ይታዘበኛል።

ቡና ቤቱ ነው የጨነቀኝ። ሳልጠይቅ አልከፍተውም።