የመጀመሪያ መኪናዬ፦ ዲኤክስ ወይስ ቪትዝ? (አዳማ)

የወንጂዋ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ አዳማ ነው፣ የማስተምረው ወንጂ። የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ስላማረረኝ ያጠራቀምኳትን ይዤ መኪና ልገዛ ነው። ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ አልችልም። አንዱ የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፣ የሚሸጡት ባለቤቱ ራሳቸው ናቸው። ሌላው ቪትዝ ነው፣ ቀለሙ እንደ አዲስ ያበራል፣ ግን ሻጩ በውክልና ነው የያዘው፣ ደላላው ደግሞ ዛሬ ካልከፈልሽ ያመልጥሻል እያለ ቀኑን ሙሉ ይደውልልኛል። ከመንዳት በቀር ስለ መኪና አላውቅም። የቱን ልውሰድ?

መካኒኩ፦
እህቴ፣ ደላላ ሲያጣድፍሽ ቀስ በይ። ቪትዝ ራሱ ጥሩ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ዕቃው እንደ ልብ ነው። ግን በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው ሁሉ ተወዷል፣ ታዲያ ይሄኛው በአንቺ ብር እስኪገኝ ለምን ረከሰ? በሮቹ ላይ ማግኔት አስነኪ፤ ስቱኮ (የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልስን) የበዛበት ቦታ ማግኔቱ አይይዝም። ጠዋት ሳይነሳ ድረሺ። ኮፈኑ ሞቆ ከጠበቀሽ ቀድመው አስነስተውታል፣ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚያደርግ አላየሽም ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ጭሱ ሞተሩ ሞቆም ካልቆመና ራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ ጓርኒሲዮኑን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሪ። ከዚያ በፈጣን መንገዱ ወደ ሞጆ ይዘሽው ውጪ፣ መንገዱ ሽቅብ ነው፣ የሚሞቅ ሞተር እዚያ ይታወቃል።

የፍራንኮ ልጅ፦
እኔን ያስፈራኝ ውክልናው ነው። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፣ ከሞተም ውክልናው ያበቃል። ብሩን ከፍለሽ ስም ሳይዞር ቢቀር ከማን ጋር ልትከራከሪ ነው? ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ራሱ መጥቶ ይፈርም፣ ያገባ ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሪ። ፋይሉ ካለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደሽ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ጠይቂ። ታርጋው አአ ከሆነ ፋይሉ አዲስ አበባ ስለሆነ መንገዱንም አስቢበት። ይሄ ሁሉ ሳያልቅ ቀብድ የሚባል ነገር እንዳትሰጪ።

የወንጂዋ መምህርት፦
አመሰግናለሁ፣ ቪትዙን ተውኩት። ዲኤክሱስ ጋሼ? አርጅቶ አያስቸግረኝም?

መካኒኩ፦
ያስቸግርሻል፣ ግን በትንሹ። ነዳጅና አየር የሚያደባልቅለት ካርቡራተር ነው፣ ኮምፒውተር የለው፣ የትም ጋራዥ ይሠራልሻል። ነዳጅ ከቪትዝ የበለጠ ይጠጣል። ኤርባግ የለውም፣ ስለዚህ ረጅም መንገድ ላይ በፍጥነት አትመኚበት፣ ለወንጂ ግን ይበቃሻል። ዋናው ጠላቱ ዝገት ነው፤ ምንጣፉን ገልጠሽ ወለሉን እዪ፣ ከሥርም በክሪክ ተነስቶ ይታይ። ሻጩ የሚያውቁት ጋራዥ አትሂጂ፣ የራስሽን ሰው ይዘሽ ሂጂ። ብርሽንም አሟጠሽ አትክፈዪ፤ ለጎማ፣ ለባትሪ፣ ለኢንሹራንስና ለቦሎ የሚሆን አስቀሪ። ቦሎው መቼ እንደሚያበቃም ዋጋ ሳትነጋገሪ በፊት ጠይቂያቸው።