«ባሕሩ አቅጥኖ ይጨርሰዋል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሚዛን፦ ስለ ባሕር ላይ የነዳጅ ቁፋሮ ስንነጋገር አንድ ተሳታፊ «ጭቃውንም የድንጋይ ፍርፋሪውንም ባሕሩ አቅጥኖ ይጨርሰዋል» ብለው መደምደማቸው አናዶኛል። ጭቃ የሚባለው መሰርሰሪያውን የሚያቀዘቅዘውና የተፈጨውን ድንጋይ ከጉድጓዱ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። ማቅጠኑን ማንም አይክድም፤ የሚጨርሰው ግን ምኑን ነው? የቁፋሮውን ጭቃ ለማክበድ የሚጨመረው ባራይት በውሃ የማይሟሟ ከባድ ማዕድን ስለሆነ ወርዶ የባሕሩ ወለል ላይ ይተኛል፤ በውስጡ ያለው ጥቂት ሜርኩሪና ካድሚየምም አብሮት ይወርዳል።

መልሕቅ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። የተናገርኩት ከውሃ ስለሚዘጋጀው ጭቃ ነው እንጂ ከዘይት ስለሚዘጋጀው አይደለም። በአሜሪካ ደንብ በ1 ኪሎ ባራይት ውስጥ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ፣ ከ3 ሚሊግራም በላይ ካድሚየም መኖር የለበትም። ባራይቱ ባለመሟሟቱም ብረቶቹን አስሮ ስለሚይዛቸው ወደ እንስሳቱ የሚያልፈው ጥቂት ነው።

ሚዛን፦ እንግዲያው ባሕሩ አልጨረሰውም፣ ባራይቱ አሰረው። ከ«ይጨርሰዋል» ወደ «ያስረዋል» በአንድ መልስ ደረስን!

ጥልቀት፦ ቃሉን ለጊዜው ትተን ምርመራውን እንይ። በዚያው ደንብ አንድ እጅ ጭቃ ከዘጠኝ እጅ የባሕር ውሃ ጋር ይደባለቃል፣ አንድ ሰዓት እንዲረጋ ይተዋል፣ ከዚያም ከላይ የቀረው ውሃ ተቀድቶ ጥቃቅን ሽሪምፖች ለ96 ሰዓት ይቆዩበታል። የዘቀጠው ግን ከምርመራው ውጭ ሆኖ ይቀራል። ወለሉ ላይ የሚወርደው ደግሞ ያው የዘቀጠው ነው፤ በወለሉ ደለል ውስጥ የሚኖሩት ትላትሎችና ቀንድ አውጣዎችም ሽሪምፖቹ የነኩትን ውሃ ሳይሆን እርሱን ነው የሚለብሱት።

መልሕቅ፦ ለሰው ሠራሽ ዘይት ጭቃ በደለል ውስጥ በሚኖሩ እንስሳት ላይ የሚደረግ ሌላ ምርመራ እንዳለ ለምን ዘለሉት?

ጥልቀት፦ ክርክሬ እርስዎ ስለሚሟገቱለት ከውሃ ስለተሠራው ጭቃ ስለሆነ ነው። እርሱን በሕያው እንስሳት ላይ የሚያየው ያ የሽሪምፑ ምርመራ ብቻ ነው።

ዳርቻ፦ እናንተ ስለ ሽሪምፕ ስትከራከሩ በሰሜን ባሕር ከድሮዎቹ የቁፋሮ መድረኮች ሥር የተከመረው ፍርፋሪ እስከ ዛሬ ዘይቱን እንደያዘ ነው። የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክን ለመጠበቅ የተስማሙት አገሮች ማኅበር ኦስፓር በደረቅ ክብደቱ ከ1 በመቶ በላይ የዘይት ጭቃ የያዘ ፍርፋሪ እንዳይጣል የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ባሕሩ የሚጨርስ ቢሆን ክምሩ አሁን የት ይገኝ ነበር? ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

መልሕቅ፦ የቆየውን ኃጢአት በዛሬው ጭቃ ላይ አትጫኑ። ክምሩን መቆፈር ያንኑ ዘይት መልሶ ወደ ውሃ ስለሚለቅ ብዙ ጊዜ ባለበት መተው ይመረጣል። ሁሉንም ፍርፋሪ ወደ የብስ እናጓጉዝ የሚሉትም መርከቡ የሚያቃጥለውን ነዳጅና መሬት ላይ የሚቀበርበትን ስፍራ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡ።

ሚዛን፦ የመርከቡን ሒሳብ እቀበላለሁ፤ ስለ ወለሉ ግን አሁንም አልመለሱልኝም። የስጋት ግምገማ በባሕሩ ውስጥ የሚጠበቀውን የበካዩን መጠን ጉዳት ለማያደርሰው መጠን አካፍሎ ከ1 በለጠ ወይስ አነሰ ብሎ ይጠይቃል። የሚጠበቀውን ከውሃው መሐል ከወሰዱት ውጤቱ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ኮራል ካለበት፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው ወለል ከወሰዱት ግን ሌላ ቁጥር ይወጣል።

መልሕቅ፦ እሺ፣ «ይጨርሰዋል» የሚለውን «ይበትነዋል» ብዬ አርሜዋለሁ። አቋሜ ግን ያው ነው።

ጥልቀት፦ የት ነው የሚበትነው?